ስሞልካ የቪየና ብቻ ሰው አይደለም

ስለ ፖላንዳዊው ፖለቲከኛ ስለ ፍራንቺሼክ ስሞልካ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን የቪየና ፖለቲከኛ ብቻ አድርጋችሁ አቀረባችሁት። ሰውየው እኮ የጋሊሺያ (ያኔ በኦስትሪያ ሥር የነበረች፣ ዛሬ በፖላንድና በዩክሬን መካከል የተከፈለች ግዛት) ሰው ነው! በ1810 ካሉሽ ተወለደ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሕግ የተማረውም ጠበቃ የሆነውም በጋሊሺያ ዋና ከተማ በሊቪቭ ነው።

እስሩን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ደግሞ በጣም ቅር አሰኝቶኛል። በ1841 በምስጢራዊ የፖላንዶች ማኅበር ምክንያት ተያዘ፣ በ1845 ሞት ተፈረደበት፣ ከዚያ ምሕረት ተደረገለት። በ1848 አብዮቱ ሲፈነዳ ይኸው ሞት የተፈረደበት ጠበቃ ለኦስትሪያ ፓርላማ ተመረጠ፣ በጥቅምት ቪየና በአመፅ ስትናጥና የቼክ ተወካዮች ከተማዋን ጥለው ሲወጡ እሱ ግን እዚያው ቀርቶ አፈ ጉባኤነቱን ተረከበ። ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ? በመጋቢት 1849 ንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማውን በተነ፣ ስሞልካም ወደ ሊቪቭ ተመለሰ።

ከ1861 ጀምሮ በጋሊሺያ ምክር ቤት የታገለው ግዛቶቹ ሁሉ ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ነው። ኦስትሪያ-ሃንጋሪን የመሠረተው የ1867ቱ ስምምነት ግን ይህን ዓይነቱን ሥልጣን ለሃንጋሪ ብቻ ሰጠ። ከ1881 እስከ 1893 የቪየና ታችኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ያገለገለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በስሞልካ ላይ ግን እኔም አንድ ቅሬታ አለኝ። በ1869 የሉብሊን አንድነትን (ፖላንድና ሊቱዌኒያ አንድ መንግሥት የሆኑበትን ስምምነት) 300ኛ ዓመት ለማሰብ ሊቪቭ ላይ ሰው ሠራሽ ኮረብታ አስጀመረ። ለሱ የነፃ ሕዝቦች ኅብረት ምልክት ነበር፣ የግዛቱ ዩክሬናውያን ግን እንደዚያ አላዩትም። ለሁሉም መብት ሲከራከር የኖረ ሰው የጎረቤቶቹን ቅሬታ በደንብ መስማት ነበረበት እላለሁ።