ድመቷን ማን ይያዛት?

በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ሐኪም እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «የድመቷ ጆሮ ቆሽሿል» ይበል። ሶፋ ላይ ያንቀላፋው ይነቃል፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ቀና ይላል፣ እስከ ዛሬ ድመቷን በእግሩ ገፋ እያደረገ ሲያልፍ የኖረው ሁሉ ለጤንነቷ ይቆረቆራል።

ጉባኤው ወዲያው ይጀመራል። አንዱ አልኮል ይላል፤ ጀርም ይገድላላ! ሌላዋ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትላለች፤ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ እንደሚያወጣ አይታለች። (አረፋ ያወጣ ነገር ሁሉ ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዛቱ!) ሁለቱም የጆሮዋን ስስ ቆዳ የሚያስቆጡ ናቸው፤ ግን የሚለበለበው የአማካሪው ጆሮ ስላልሆነ ሐሳቡ ደጋፊ አያጣም። ሦስተኛዋ ደግሞ «ኬሚካል ምን ያደርጋል፣ ከተፈጥሮ የተገኘ እያለ» ብላ የቲ ትሪ ዘይት ታመጣለች። ድመትን ይመርዛል። ከተፈጥሮ የተገኘ መርዝ ነው።

አባወራው እስከዚህ ድረስ አልተናገሩም፤ ሥራ ላይ ናቸው። የእስክሪብቶ ክዳን የገዛ ጆሯቸው ውስጥ ከተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ወደ አንድ ጎን አጣመው ያሽከረክራሉ። ክዳኑ ሳይገኝ በፊት የመኪና ቁልፍ ነበር፤ ከዚያ በፊት የክብሪት እንጨት። አውጥተው ጫፉን በጥሞና ከመረመሩ በኋላ «ዋናው ጥንቃቄ ነው» ይላሉ። «ያቺን ጥጥ የተጠቀለለባትን እንጨት ጠለቅ አድርጋችሁ አንድ ሁለቴ ብታዞሩላት ያልቃል።»

ከሁሉም ምክር የምፈራው ይህን ነው። የድመት የጆሮ ቦይ ቁልቁል ይወርድና ታምቡሩ ጋ ሳይደርስ በአግድም ይታጠፋል። በእንጨት የተገፋ ኩክ እየጠለቀ ሄዶ እዚያ ይከማቻል እንጂ አይወጣም። ጫፉ ላይ ተለጥፎ የመጣው ጥቂቱ ግን «አያችሁ!» ለማለት ይበቃል።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ድመቷን ሄዶ ያያት የለም። በመጨረሻ አንዷ ብድግ ብላ ታያትና «ጆሮዋ ተቀዷል!» ብላ ትጮኻለች። ሁሉም ይሮጣል። የተቀደደ ነገር የለም፤ በጆሮዋ የውጭ ጠርዝ፣ ከታች በኩል ያለች ትንሽ እጥፋት ናት፤ ድመት ከነሷ ነው የሚወለደው። ውስጡም ቢሆን ፈዛዛ ሮዝ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀለሙ ገርጣ ያለ ጥቂት ኩክ ብቻ ያለበት ከሆነ እጅ መሰብሰብ ነው፤ ጤነኛ ጆሮ ኩኩን ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያለ ምክንያት ሲጠራረግ ነው የሚቆጣው። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካለበትና ደጋግማ የምታከው ከሆነ ግን በዓይን በጭንቅ የሚለዩ ደቃቅ ተባዮች ገብተዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማጠብ ብቻውን አያጠፋቸውም፣ ወደ ሌላ ድመትና ውሻም ይሻገራሉ፣ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አላቸው። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ራስን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ወይም መንገዳገድ ከታየ ጆሮዋ ውስጥ ምንም ጠብ አይደረግም። ታምቡሩ ተበስቶ እንደሆነ የሚያውቀው መሣሪያ ይዞ የሚያየው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ አባወራው አይደሉም።

የእኛዋ ኩኳ በዛ ያለ እንጂ በሽታ የለባትም እንበል። አሁን አንዲት አጭር ጥያቄ ትነሣለች፦ ማን ይያዛት?

አንዱን ስልክ ይጠራዋል፤ ስልኩ አልጮኸም፣ እሱ ግን «ሄሎ» እያለ ይወጣል። የአልኮሉ ወገን እጁ ላይ ቅባት እንዳለ ያስታውሳል። አባወራው ወገባቸውን ይይዛሉ። ከጉባኤው መጀመሪያ አንስቶ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ዝምተኛው ልጅ ብቻ ፎጣ ሊያመጣ ይነሣል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለሰው ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ቅጥነት ጣሪያው 20 ሺህ ሄርዝ ገደማ ሲሆን የድመት ከ60 ሺህ ያልፋል፤ ጆሮዋንም በጡንቻ ወደፈለገችው አቅጣጫ ታዞረዋለች። ስሟ ሲጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለው ፍጥረት ፎጣው ከቁም ሣጥን ሲሳብ ሰምታ አልጋ ሥር ገብታለች።

ልጁ በደረቱ ተኝቶ ያወጣታል። አራቱም እግሮች ውስጥ መቅረታቸውን አረጋግጦ፣ ጭንቅላቷን ብቻ አስቀርቶ ይጠቀልላታል። ለድመት ጆሮ የተሠራውን ማጽጃ በመዳፉ ይዞ ቅዝቃዜው እንዲለቀው ያሞቀዋል። የጆሮዋን ጫፍ ቀና አድርጎ፣ የጠርሙሱን አፍ ወደ ውስጥ ሳይከት ያፈስላትና የጆሮዋን ሥር በሁለት ጣቶቹ ለ30 ሴኮንድ ያህል ያሻል። ጭቅ፣ ጭቅ ይላል። በር ላይ የተሰበሰቡት አማካሪዎች «በርታ!» «ቀስ!» «ጠበቅ!» «ላላ!» ይላሉ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ።

ከዚያ ይለቃታል፤ ራሷን ማራገፍ አለባት፣ ጣት የማይደርስበትን የምታወጣው እሷው ናት። አንዴ ስትወዘውዘው የሚበተነው የኩክ ጠብታ ልጁን አልፎ ቀጥታ በር ላይ ያርፋል። በጣቱ ላይ በጠቀለለው ጥጥ፣ ጣቱ እስከ ደረሰበት ብቻ ይጠርግላታል። ትሮጣለች።

ማታ ከተደበቀችበት ወጥታ ልጁን በሩቁ ዞራው ታልፍና አባወራው ጭን ላይ ትወጣለች። «ምን አደረጉሽ የኔ እናት? አይ ጨካኞች!» እያሉ ያሻሿታል። እሷም አምና ታንኮራፋለች።

«ሁለተኛው ጆሮዋስ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። አባወራው ወደ ጭናቸው ሲያዩ ድመቷ የለችም።