መለኪያው ይቅደም ወይስ ደንቡ?

የክርክሩ መነሻ ሐሳብ ይህ ነው፦ «የአንድ የቱሪስት መዳረሻ የልማት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት የመዳረሻው ዘላቂነትና አይበገሬነት በጋራ አመልካቾች ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት።» አይበገሬነት ሲባል ድንገተኛ አደጋን የመቋቋም አቅም ማለት ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናቸው፤ የሚቃወሙት ደግሞ በቱሪዝም ዕቅድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ባለሙያ። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

የቱሪዝም ስኬት ለብዙ ዘመን በአንድ ጥያቄ ብቻ ሲመዘን ኖሯል፤ ስንት ሰው መጣ? በ2019 ድንበር ተሻግረው የተጓዙ ጎብኚዎች 1.46 ቢሊዮን ገደማ ደረሱ፤ ይህም በየመድረኩ እንደ ድል ተነገረ። በማግስቱ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ቁጥሩ ወደ 400 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። ያ ሁሉ የሚወደስ ቁጥር የትኛው መዳረሻ ድንጋጤውን እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚፈርስ አስቀድሞ አንድ ቃል እንኳ አልነገረንም። ሊነግረንም አይችልም ነበር፤ የጎብኚ ቁጥር የሚያወራው ስለ ጎብኚው እንጂ ስለ ቦታው አይደለምና።

ስለ ቦታው የሚያወሩ ቁጥሮች ግን አሉ። አንድ እንግዳ በአንድ ሌሊት የሚጠቀመው ውኃ ከአንድ ነዋሪ ፍጆታ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ከፍሳሹ ምን ያህሉ ታክሞ ይወጣል? ከሠራተኛው ምን ያህሉ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለው፣ ምን ያህሉ ወቅቱ ሲያልፍ ይበተናል? ከገቢው ምን ያህሉ ከአንድ አገር በሚመጡ ጎብኚዎች ላይ ተንጠልጥሏል? ስንት መኖሪያ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ ተለወጠ? እነዚህን መቁጠር ይቻላል፤ ደግሞም እየተቆጠሩ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 ለመዳረሻዎች የአመልካቾች ሥርዓት አውጥቶ በ2016 አሻሽሎታል፤ በተሻሻለው ቅጂ ዋናዎቹ አመልካቾች 43 ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽንም በ2024 የቱሪዝምን ዘላቂነት ለመለካት የሚያገለግል የጋራ ማዕቀፍ ተቀብሏል። የዚህ ማዕቀፍ ትልቁ ቁም ነገር የቱሪዝምን ገቢ የሚመዘግበውን ሒሳብ የውኃን፣ የኃይልንና የቆሻሻን ፍሰት ከሚመዘግበው ሒሳብ ጋር ማገናኘቱ ነው። ሆቴሉ የቀዳው ውኃና ገበሬው ያጣው ውኃ በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የዘላቂነት መፈክር ይበልጣል።

በታይላንድ የሚገኘውን ማያ ቤይ እንመልከት። በዚያች ጠባብ የባሕር ዳርቻ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይራገጥ ነበር። በሰኔ 2018 ተዘጋች፤ በጥር 2022 የጎብኚው ቁጥር ተገድቦ፣ ጀልባዎችም ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለው እንደገና ተከፈተች። በመካከሉ ባለሙያዎች ኮራል ተከሉ፤ የሸሹት ሻርኮችም ተመለሱ። መመለሳቸውን የምናውቀው የቆጠረ ሰው ስለነበረ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋም ሲመለስም ምስክር የለውም።

ተቃዋሚ

እህቴ ያቀረቡት ዝርዝር ጥሩ ዝርዝር ነው፤ እኔም በሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ። የምቃወመው መለኪያ ከሁሉም ይቅደም መባሉን ነው፤ መቅደሙ ምን እንደሚያስከትል ስላየሁ።

ከፊሊፒንስ ልጀምር። የቦራካይ ደሴት የባሕር ውኃ በፍሳሽ መበከሉ በ1997 ተለክቶ ይፋ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ጎብኚውም ደንግጦ ነበር። ደሴቲቱ እንድታገግም የተዘጋችው ግን በሚያዝያ 2018 ነው፤ ስድስት ወር ተዘግታ ቆየች። በሁለቱ ዓመታት መካከል 21 ዓመት አለ። በእነዚህ 21 ዓመታት ምን ጎደለ? ቁጥር አልጎደለም። የጎደለው ቁጥሩ መስመር ባለፈ ዕለት ማን ምን እንዲያደርግ ግዴታ እንዳለበት የሚናገር ደንብ ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ከዚህ የባሰ ነው። ዘላቂነትና አይበገሬነት እንደ መንታ ልጆች አብረው ይጠራሉ፤ ነገር ግን አንዳንዴ ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ። የሥነ ምሕዳር ሊቁ ሆሊንግ በ1973 አይበገሬነትን ሲያብራራ፣ አንድ ሥርዓት ተናውጦ በፍጥነት ወደነበረበት መመለሱ አንድ ነገር፣ ማንነቱን ሳያጣ መዝለቁ ሌላ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ቬኒስን በዚህ መነጽር እንያት። ወረርሽኙ ባዶ አድርጓት ነበር፤ ጎብኚዎቿ ግን ብዙ ሳይቆዩ ጎርፈው ተመለሱ፤ በ2024 የቀን ጎብኚን አምስት ዩሮ እስከ ማስከፈል ደረሰች። ማገገምን በጎብኚ ፍጥነት ብንለካ ቬኒስ አንደኛ ትወጣለች። በ1951 ግን በታሪካዊው መሀል ከተማ 175,000 ገደማ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወርዷል። እንግዲህ የተመለሰው ምንድን ነው? ጎብኚው ተመለሰ፤ ከተሜው አልተመለሰም። ሁለቱን ደምረን አንድ ውጤት ብንሰጣት ፈጣኑ ማገገም ዝግተኛውን መራቆት ይሸፍነዋል፤ እኛም ሕመሙን እንደ ጤና እንመዘግባለን።

አንድ ጊዜ የአንድ መዳረሻን ቅጽ ከሚሞላ ኮሚቴ ጋር ተቀምጫለሁ። የአልጋ ቁጥር ተሞላ፤ የጎብኚ ቁጥር ተሞላ፤ የሆቴሎች የኃይል ፍጆታም ከደረሰኝ ተለቅሞ ተሞላ። ነዋሪው ኪራይ ተወዶበት ስንት ጊዜ ቤት እንደቀየረ የሚጠይቀው ረድፍ ጋ ስንደርስ መረጃ የለም ተባለና ታለፈ። አማካዩ ሲሰላ ባዶው ረድፍ አልተቆጠረም፤ መዳረሻው ጥሩ ውጤት አገኘ። ያ ባዶ ረድፍ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ የዚያ ቦታ ዋና ችግር የተደበቀው እዚያው ነበርና። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉድሃርት በ1975 እንዳስገነዘበው፣ አንድ መለኪያ የቁጥጥር ግብ ከሆነ ሰው ሁሉ ለእርሱ ስለሚሠራ የቀድሞ ታማኝነቱን ያጣል። ዕቅድ ለማስጸደቅ ውጤት ካስፈለገ ውጤቱ ይገኛል፤ ችግሩም ባለበት ይቀመጣል።

ደጋፊ

ስለ ድምር ውጤት ያሉትን ያለማመንታት እቀበላለሁ። ሁሉን ጨፍልቆ አንድ ቁጥር ማድረግ የሙያዬ ነውር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ይታተም፤ ባዶውም ባዶ እንደሆነ ይታተም። ባዶነቱ ራሱ ትልቅ ዜና ነው።

ነገር ግን ወንድሜ በቬኒስ ላይ የረቱኝ በምን እንደሆነ ያስተውሉ፤ በነዋሪዎች ቆጠራ ነው። 175,000 እና 50,000 ባይመዘገቡ ኖሮ ያን ያህል የሚያሳምን ነገር ከየት ያመጡ ነበር? አይበገሬነትንም ቢሆን ክስተት እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቀውም። በኅዳር 2016 የኒው ዚላንዷን ካይኩራ የመታት የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕር ዳርቻውን አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲዱን ቆረጠ፤ አውራ ጎዳናው የተከፈተው በታኅሣሥ 2017 ነው። በዓሣ ነባሪ ጉብኝት የምትኖር ትንሽ ከተማ ከአንድ ዓመት በላይ ዋና መንገዷን አጣች። ወደ አንድ መዳረሻ የሚያስገቡ አስተማማኝ መንገዶች ስንት እንደሆኑ መቁጠር ምን ይከብዳል? የአስጎብኚ ድርጅቶች ያለ ገቢ ስንት ወር ሊቆዩ እንደሚችሉ መጠየቅስ?

ተቃዋሚ

የካይኩራ መንገድ በካርታ ላይ ለሁሉም የሚታይ ነበር። ማንም ያልቆጠረው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያች ሌሊት የባሕሩ ወለል አንድ ሜትር ያህል ከፍ አለ። የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ጀልባዎች የሚነሡበት ወደብ ጥልቀቱን አጥቶ እንደገና መቆፈር ነበረበት። «የባሕር ወለል ቢነሣ» የሚል ረድፍ ያለው ቅጽ የት አለ? ድንገተኛ ነገር በቅጽ አይያዝም። የሚያድነው ተሰብስቦ መወሰን የለመደ ሕዝብ፣ ሥልጣኑ የታወቀ አካልና ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች በጥብቅ ዱር ውስጥ ስንት ሰው ቢገባ ይበቃል የሚለውን አንድ ቁጥር ብዙ ከፈለጉ በኋላ፣ በ1985 ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። የትኛውን ለውጥ መቀበል እንችላለን? ከዚያ ካለፈስ ምን እናደርጋለን? «ተቀባይነት ያለው የለውጥ ወሰን» የሚባለው አሠራር ከዚህ ተወለደ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ወሰኑ ያልተጻፈለት፣ ወሰኑ ሲታለፍ እርምጃ የሚወስደው አካል ያልተሰየመለት አመልካች በዕቅድ ውስጥ አይግባ።

ደጋፊ

ያንን አሠራር ከጠቀሱ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል እናንብባቸው። ዘጠኝ ናቸው። አመልካች መምረጥ ሦስተኛው ነው፤ ያለውን ሁኔታ መመዝገብ አራተኛው፤ ወሰን ማውጣት አምስተኛው። መለኪያው ከደንቡ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ዛሬ የት እንደቆመ ያላወቀ ሰው ወሰን ቢያወጣ በግምት ያወጣል።

ተቃዋሚ

የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለሉት። እርሱ የአካባቢውን ጉዳዮችና ስጋቶች መለየት ነው፤ ማለትም ሰዎቹን ቀርቦ መጠየቅ። አመልካቹ ከዚያ ውይይት ይወለዳል እንጂ ተዘጋጅቶ ከውጭ አይመጣም። መነሻ ሐሳቡ ውስጥ ያለው «በጋራ አመልካቾች» የሚለው ቃል ይውጣና «ነዋሪው በመረጣቸው፣ ወሰንና ኃላፊ በተሰየመላቸው አመልካቾች» ተብሎ ይተካ፤ እኔም ከእርስዎ ጎን ቆሜ ድምፄን እሰጣለሁ።

ደጋፊ

ወሰኑንና ኃላፊውን እቀበላለሁ፤ ነዋሪው የራሱን አመልካቾች ይጨምር የሚለውንም እንዲሁ። «የጋራ» የሚለውን ቃል ግን አላስነካም። አንድ የባሕር ዳርቻ ሲዘጋ ጎብኚው አገሩ አይመለስም፤ ጎረቤት ወዳለው ዳርቻ ይዞራል። በላይኛው ተፋሰስ ያለ መዳረሻ ፍሳሹን ላለመቁጠር ከመረጠ የሚጠጣው የታችኛው ነው። እያንዳንዱ መዳረሻ የሚቆጥረውን ለብቻው ከመረጠ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገፋውን ጫና በማን መዝገብ ላይ እናየዋለን?