ማስተካከያ፦ ስለ ቢራቢሮ ዓሣው
ባለፈው ጽሑፌ፣ ኮራልና የባሕር ዓሣ በምናኖርበት የቤት ገንዳ ውስጥ እንደ አረም የሚራባውን አይፕቴዢያ (አበባ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው) «ኮፐርባንድ የሚባለው ቢራቢሮ ዓሣ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል» ብዬ ነበር። አጋንኛለሁ። አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎም አያየውም። የሚበላውም ቢሆን ገንዳው ውስጥ ያሉትን ጌጠኛ ትሎች አይምርም። ምግብ መራጭ ስለሆነ ደግሞ በረሃብ ሊያልቅባችሁ ይችላል። «የቀረውን በመቀስ ቁረጡት» ያልኩትንማ እርሱት! ከቁራጩ አዲስ ይበቅላል።

ማሞቂያውንም ዘልዬው ነበር። ዓሣው 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ያለ ማሞቂያ አያነጋም (እኛስ መች በጋቢ ብቻ እናነጋለን?)። ከፍታችን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። የአየር ፓምፑን ማታ አታጥፉት።