ጭፍግግ ያለው ማን ነው?

"ዛሬ ደግሞ ጭፍግግ ብሏል" አለ አንዱ ገና ከመቀመጡ።

"ማን? ሰማዩ ነው ወይስ አለቃህ?" አለችው ጎኑ ያለችው። ሳቅን፤ ክርክሩም ከዚያ ጀመረ።

እሱ ቃሉ የሰማይ ነው ባይ ነው። ደመና ሲከመርና ብርሃን ሲያንስ ሰማይ ይጨፈግጋል፤ ፊት ከዚያ ተዋሰው እንጂ የራሱ አይደለም። "ጠቆረ"ም "ፈካ"ም እንደዚያው ናቸው አለ።

እሷ ግን ወይ ፍንክች። "ውሰት ብቻ ቢሆን ብርሃን ሲጠፋ ሰው ለምን ይከፋዋል?" ብላ የነ ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልን ጥናት አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ነው፤ ቀኑ ሲያጥር የሚመጣ፣ ብርሃን ሲመለስ የሚለቅ ድባቴ እንዳለ የገለጹበት። ሕክምናውም ማለዳ ማለዳ 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። "የቤታችን መብራት እኮ ብዙውን ጊዜ 500 እንኳ አይሞላም!"

እስካሁን ዝም ያለው ሦስተኛው፣ "ታዲያ ድንግዝግዙን ምን ልታደርጉት ነው?" አለ። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያለችውን ሰዓት ሰው ወዶ ይቀመጥባታል፤ መብራት ቀንሶ ሙዚቃ የሚያዳምጥም ሞልቷል። ብርሃኑ አነሰ እንጂ ማንንም አልከፋውም። ከባዱ ኀዘን ደግሞ በጠራራ ፀሐይም ይመጣል። የመጀመሪያው "ደነገዘ እና ደነዘዘ መቼስ አንድ ናቸው" ብሎ ሊገባ ሲል ጮህንበት፤ አንዱ የዓይን ነው፣ ሌላው የእግር።

እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጭፍግግ የተመልካች ቃል ነው፤ ሰማይንም ፊትንም ከውጭ አይተን የምንለው። ባለጉዳዩን ብትጠይቁት "ጨፈገግኩ" አይልም፤ "ከፋኝ" ወይም "ደበተኝ" ነው የሚለው። ድባቴም ከዚሁ ከ"ደበተ" የወጣ ነው፤ ውስጡ ክብደትና መዛል እንጂ ጨለማ የለበትም። ጨለማን ሲጠራ እንኳ "ጨለምኩ" ሳይሆን "ጨለመብኝ" ይላል፦ የጨለመው ዓለሙ ነው፣ እሱ የጨለመበት። የእሷ ሉክስ ስለ ሰውነታችን እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ቃሉ ግን ምስክር አይሆንም።

ቃሉ የሰማይ ነው ሲል ያመሸው ሰውዬ ልንለያይ ስንል ተጠየቀ። ለካ ያማው አለቃውን ኖሯል።