ነፃ ነው አሉ

ኧረ አቦ፣ ይሄን የአጎቴን ልጅ ዝም የሚያሰኝልኝ ማን ነው? የመዝናኛ መርከብ ላይ ሠርቶ ለዕረፍት ድሬ ከመጣ ጀምሮ፣ ከዚራ ቁጭ ባልን ቁጥር ወሬው አንድ ነው፦ «ካዚኖው ውስጥ መጠጥ ነፃ ነው!» ነፃ? መጀመሪያ ካርድህን የቁማር ማሽኑ ውስጥ ትሰካለህ፣ በተጫወትክ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብልሃል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ነው ቢራው «በነፃ» የሚመጣው። ያውም መርከቡ ወደብ ላይ ከቆመ ካዚኖው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ታዲያ መቶ ዶላር ተበልቶ የተጠጣ ቢራ ምኑ ነው ነፃ?

የሚያበግነኝ ግን ይሄ አይደለም። እዚያ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ለአስተናጋጁ አንድ ዶላር ሸጎጥ ማድረግ የተለመደ ነው ይለኛል፤ ራሱም በጉርሻ ነው የኖረው። ትናንት ግን፣ በዚያ ሙቀት ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ሦስቴ ቀዝቃዛ ውሃ ያመላለሰችልንን ልጅ ረስቶ፣ መልሱን ከሳህኑ ላይ ሳንቲም ሳያስቀር ለቅሞ ኪሱ ከተተ። አሥር ብር እንኳ! እኔው ነኝ ተመልሼ ያስቀመጥኩላት። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ደግሞ «እናንተ ናችሁ ያስለመዳችኋቸው» አይለኝም?

የባጃጁንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።