ሄሰን ሁለቱንም የቀጣበት ዓመት

የጀርመን ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት እሁድ ጥር 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27፣ 2008 መሆኑ ነው። ቀኑ ጊዮርጊስ ነበር፣ ሰባር አፅሙ። ፍራንክፈርት ውስጥ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር እንዳጣፋሁ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሰልፍ የለም። ጣት ላይ የሚቀባ ቀለም የለም። በፖስታ የላኩልኝን ወረቀት አሳየሁ፣ ስሜን ከመዝገቡ ላይ አገኙት፣ መረጥኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ምርጫው የሄሰን ግዛት ምክር ቤት ምርጫ ነው፤ ላንድታግ ይሉታል።

ወጥቼ ግን ልቤ አላረፈም። በ1997ቱ ምርጫ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ የመረጠችው ሲመሽ ነው። ስደውልላት ድምጿ ተዘግቷል፤ ደስታዋ ግን በስልክ ይሰማል። «ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ» አለችኝ። ያ ደስታ ምን ላይ እንደወደቀ ሁላችንም እናውቃለን። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ይፋ አድርገዋል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ሲባል ቶሎ የሚመጣብኝ ማግስቱ ነው።

ስለዚህ ማታ ቆጠራውን ለማየት ተመለስኩ። እዚህ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ቆጣሪዎቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሁሌ መድኃኒት የምትሸጥልኝ ሴት ነች። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ለየፓርቲው ከመሩ። ሲደምሩ አንድ ወረቀት ጎደለ። አንድ! ሁሉንም ከመጀመሪያው ቆጠሩት። ያቺ ወረቀት ሌላዋ ላይ ተጣብቃ ተገኘች። ማንም አላጉረመረመም።

በዚያ ማታ አንድ ወረቀት ዋጋ ነበራት። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ 36.8 ከመቶ፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹ 36.7 ከመቶ አገኙ። በመላው ግዛት በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ወደ 3,500 ድምፅ ብቻ ነው። ከ110 መቀመጫ እኩል 42፣ 42 ተካፈሉ።

የጊዜው ርዕሰ መስተዳድር የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ሮላንድ ኮህ ነበሩ። ከምርጫው አንድ ወር ቀደም ብሎ ሙኒክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሁለት የውጭ ዜጋ ወጣቶች አንድ ጡረተኛ አዛውንት ደበደቡ። ድርጊቱ አሳፋሪ ነው። ኮህ ግን ነገሩን የምርጫ ዘመቻቸው አደረጉት፤ ወንጀለኛ የውጭ ዜጋ ወጣቶች በዝተዋል አሉ። ቀጥሎ በየመንገዱ ፖስተር ተሰቀለ፦ «ኢፕሲላንቲን፣ አል-ዋዚርንና ኮሚኒስቶቹን አስቁሙ!» አንድሪያ ኢፕሲላንቲ የሶሻል ዴሞክራቶቹ እጩ ነበሩ፤ ጀርመናዊት፣ የኦፔል ሠራተኛ ልጅ፤ ስማቸው ከግሪካዊ የቀድሞ ባላቸው የመጣ ነው። ታሬክ አል-ዋዚር የአረንጓዴዎቹ መሪ ነበሩ፤ እዚሁ ኦፈንባህ ተወለዱ፣ አባታቸው የመናዊ ናቸው። ከሁሉም ስም እነዚህ ለማስፈራሪያ ለምን እንደተመረጡ ለኛ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ፖስተሩን አንብቦ «እማዬ፣ አል-ዋዚር ምን አጠፋ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልሱን የሄሰን ሕዝብ ሰጠ። ኮህ በፈረንጆቹ 2003 ያገኙት 48.8 ከመቶ ነበር። 12 ነጥብ ወረደባቸው። ያን ማታ አልቅሻለሁ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ኢፕሲላንቲ ከምርጫው በፊት ከግራ ፓርቲው ጋር አልሠራም ብለው ቃል ገብተዋል። ያለ እሱ ድጋፍ ግን ሥልጣን መያዝ አልቻሉም። ሐሳባቸውን ቀየሩ። ዳግማር ሜትስገር የተባሉ የራሳቸው ፓርቲ ተመራጭ ማርች ላይ አልደግፍም አሉ። ቃላችን ቃል ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ኢፕሲላንቲ ግን ገፉበት። ኖቬምበር 4 ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ ሊመርጣቸው፣ ኖቬምበር 3 ሦስት ሌሎች ተመራጮች ጋዜጠኛ ጠርተው እኛም አንችልም አሉ። ነገሩ እዚያው ፈረሰ።

እዚህም ከሃዲ ተባሉ። ወደ ምክር ቤቱም አልተመለሱም። ግን ማታ ቤታቸው ገብተው አደሩ። እኔ የሀገር ልጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው በሒሳቡ ጉዳይ ብቻውን እጁን አውጥቶ ሲቃወም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ሰላምታ የነፈግነው እኛው ነን። ካድሬም፣ ፖሊስም አላዘዘንም። ይሄ ያመኛል።

በመሃል ኮህ በባለአደራነት ቆይተው ነበር፤ አዲስ እስኪመረጥ የቀድሞው ይቀጥላል። አብዛኛው ምክር ቤት ግን ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ነው። ተቃዋሚዎቹ ኮህ ያመጡትን በሴሚስተር 500 ዩሮ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በድምፅ ሻሩት። ሕጉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ተረስቶ ኮህ አልፈርምም አሉ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አስተካክለው እንደገና አጸደቁት። የእህቴ ልጅ ለዚያ ክፍያ ማታ ማታ ሬስቶራንት ዕቃ ያጥብ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ያልወደደው ሕግ፣ የእኛን ልጅ ከዕቃ አጠባ አወጣው። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። «ታዲያ ማን ነው መንግሥቱ?» ትለኛለች።

ጃንዋሪ 18፣ 2009 እንደገና ተመረጠ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከ36.7 ወደ 23.7 ከመቶ ወረዱ። ኮህ ግን አልተካሱም፤ 37.2 ብቻ ነው ያገኙት። የሸሸው ድምፅ በአብዛኛው ለአረንጓዴዎቹና ለነፃ ዴሞክራቶቹ ነው የሄደው። የኔም ከሸሹት አንዱ ነው። በስሜ ያስፈራራብኝን ዓምና ቀጣሁ፣ ቃሏን ያጠፈችብኝን ዘንድሮ። ኢፕሲላንቲ ያንኑ ማታ ከፓርቲ መሪነት ለቀቁ። ኮህ በነፃ ዴሞክራቶቹ ድጋፍ ቀጠሉ፣ በ2010 ፖለቲካውን ተዉት። በ2014 ያው የኮህ ፓርቲ ከአረንጓዴዎቹ ጋር መንግሥት መሠረተ። ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ሆነው የተሾሙት አል-ዋዚር ናቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ኦክቶበር 8፣ 2023 በዚሁ ሄሰን አማራጭ ለጀርመን የተባለው፣ እኛን መጤዎቹን የሚጠምደው ፓርቲ 18.4 ከመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ያን ማታም ቆጠራውን ለማየት እዚያው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጄ አድጎ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ሆኗል። ፊቱ የተቀመጠለት የዚያ ፓርቲ ክምር ነበር። አንድ በአንድ ቆጠረው። ከጨረሰ በኋላ ለማረጋገጥ ደግሞ ቆጠረው።