ፀሐይ ጠጣችው

የጓሮ መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ብዙ ነገር ያምናል፤ ገንዳው እንደሚያፈስ ግን አያምንም። ውሃው ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው መጀመሪያ የምትከሰሰው ፀሐይ ናት። «ሙቀቱን አላያችሁም? ጠጣችው እኮ!» ሰማዩ ከደመነ ተራው የነፋስ ነው። ነፋሱም ጸጥ ካለ የእህት ልጆች አሉ፤ መጥተው ሲዘሉ ውሃውን ደጅ ረጭተውታል። ልጆቹ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ የረጩት ውሃ ግን ዛሬም እየጎደለ ነው።

ፀሐይም ቢሆን ፈጽማ ንጹሕ አይደለችም። ክፍት ገንዳ በየቀኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይተንበታል፤ ደረቅ ነፋስ ሲኖር ይብሳል፤ ውሃው ሞቆ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌሊትም አይቀርለትም። ሌባው የሚሸሸገው ከዚህች ትነት ጀርባ ነው። 4 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ገንዳ 1 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት 320 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ባለቤቱ ግን የሚያየው ሴንቲ ሜትሯን ነው፤ «ይቺ ምን አላት» ብሎ ጎማውን ይዘረጋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የገንዳ ውሃ ሰውን አይወስድም፤ እያሳሳቀ ራሱ ይሄዳል።

ወሬው የተሰማ ዕለት ገንዳው ዳር ጉባኤ ይቆማል። ገንዳ ኖሮት የማያውቅ ሁሉ አዋቂ ነው። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር ይልና «ቧንቧው ነው» ይላል። የትኛው ሲሉት «የታችኛው!» ሌላው ደግሞ «ድፉትና ወለሉን እንየው» ባይ ነው። እንዲህ የሚለው ሁልጊዜ መልሶ መሙላት የማይመለከተው ሰው ነው። ምክሩም አደገኛ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ባዶ ገንዳ ከሥሩ ተገፍቶ ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ የሚፈለገው ቀዳዳ ሳይሆን ገንዳው ራሱ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ተናጋሪ ይልቅ ባልዲ ይታመናል፤ አስተያየት የለውማ። በገንዳው ውሃ ይሞላና ገንዳው ውስጥ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። የባልዲው ውሃ ከውስጥ፣ የገንዳው ውሃ ከባልዲው ውጭ በኩል ምልክት ይደረግበትና 24 ሰዓት ይተዋል። ፀሐይ ከሁለቱም እኩል ትጠጣለች፤ ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከጎደለ ያፈሳል፣ አለቀ። ከባዱ ነገር ቤተሰቡን 24 ሰዓት ከውሃው ማራቅ ነው። ከዋናው ቢቀሩ እንኳ አንዱ ደግ «ጎድሎ አየሁትና ሞላሁላችሁ» ብሎ ምርመራውን ያበላሸዋል።

ቀጥሎ አንድ ቀን ፓምፑን አሠርቶ፣ አንድ ቀን አጥፍቶ መለካት ነው። ሲሠራ ይበልጥ ከጎደለ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልሰው ቧንቧ ይጠረጠራል። ውሃው ተመልሶ ወደ ገንዳው በሚገባበት ቀዳዳ አረፋ ከተንደቀደቀ፣ ውሃውን ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚስበው ቧንቧ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ገንዳው ራሱ ጠቋሚ መሆኑ ነው። ቢተዉት፣ ጎድሎ ጎድሎ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ እዚያው ልክ ላይ ነው። መብራቱ ጋ ከቆመ መብራቱን፣ ቅጠል የሚለቅመው ስኪመር አፍ ላይ ከቆመ ስኪመሩን መመርመር ነው። ባለቤታችን ግን በየማታው እየሞላ አፉን ይዘጋበታል።

የመጨረሻው ሥራ በቀለም ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ሲረጋ፣ ጥቂት የምግብ ቀለም በሲሪንጅ ተወስዶ የተጠረጠረው ስንጥቅ አጠገብ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ቀለሙ ዝም ብሎ ከተንሳፈፈ ስንጥቁ ንጹሕ ነው፤ እንደ ክር ተስቦ ከገባ ተገኘ። እኛ ለምሳሌ ቀዳዳው ከመብራቱ ኋላ፣ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ ነው እንበል። ኤሌክትሪኩ ከምንጩ ይጠፋል፤ ውሃ ውስጥ የሚደርቅ ኢፖክሲ የተባለ ማጣበቂያ እንደ ሊጥ ይታሽና ይጠቀጠቅበታል። ያን ሁሉ ክስና ጉባኤ ያስነሳው ቀዳዳ አውራ ጣት በምታህል ቁራጭ ይደፈናል።

ጉባኤተኛው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ባለ «የታችኛው ቧንቧ» እንዲያውም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። «እኔስ ምን አልኩ? ሽቦው የሚያልፈው በቧንቧ አይደል?» ይልና ልብሱን እያወለቀ፣ ውሃው ለምን እንደቀዘቀዘ ማብራራት ይጀምራል።